ምልክት

እትዬ ዘይነባ በጨርቅ ጠቅልለው
የሰጡኝ ዳሊያ፣ ድንች የሚመስለው፣
በጥር ተቀበረ። ቦታው እንዳይጠፋኝ
ከአጥሩ ግራዋ ዘንግ ቆርጬ ተከልኩኝ።

የካቲት አለቀ። የበልጉ ደመና
ጦሳ ጫፍ ላይ ታየ፣ ተመለሰ እንደገና።
ጠዋት የኮምቦልቻው ታክሲ ሰው ሳይሞላ
አፈር እጭራለሁ፣ ከዶሮዋ ኋላ።

እትዬ በአጥር አይተው «አብሽር» ይሉኛል፤
«ተኝቷል፣ አትቀስቅሰው፤ ሲጠማው ይነቃል።»

ትናንት ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮ ሲወቃ
እንቅልፍ ተቆራርጦ፣ ስተኛ ስነቃ፣
ጎህ ሲቀድ ወጣሁ።
ዳሊያው ዝም ብሏል።
ለምልክት ያቆምኩት ግራዋ ግን በቅሏል፤
የአይጥ ጆሮ የሚያህል ሁለት ቅጠል ይዞ።
እጄ ሊነቅለው ሄዶ ተመለሰ ፈዞ።

ታክሲው ጥሎኝ ሄዷል።