ደግ አገዳደል

ሦስት ቀን ሠለጠንን ደብረ ብርሃን ላይ፣
ካፖርት ደርበን፣ በፕሮጀክተርና በሻይ።
«ሞቱስ አይቀርላቸው፤ ሥቃዩ ግን ይቀራል፤
መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ኋላ ይገደላል»
አለን አሠልጣኙ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ።
በማግስቱ በአይሱዙ፣ በጣርማ በር ቁልቁል፣
ወረድኩ ሸዋ ሮቢት፣ ጆሮዬ ተደፍኖ፣ ሸሚዜ ላብ ጠጥቶ፤
ደግ አገዳደል
አራት ገጽ ሆኖ፣ በደረት ኪሴ ሲታጠፍ ሲጠቀለል።

አመጣጣቸውን ማንም አልሰወረው፤
ጋሽ ወንድይፍራው ነው ኩሬ የቆፈረው።
ዓሣ ላርባ ብሎ፣ ጫጩቱን ሸምቶ፣
በሰማያዊ በርሜል ከሩቅ አስመጥቶ
ሲገለብጠው ከኩሬው፣ ከዓሣው ጋር አብራ
ኑግ የምታህል ነጥብ፣ ነጥብ ባለ ጭራ፣
ሾልካ ገባች። ማን ያያል?
ኑግ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ማን ቆሞ ይቆጥራል?

በሦስት ክረምት ውስጥ ነጥቧ ጉርጥ ሆነች፤
ከቦይ ወደ ቦይ፣ ከሽንኩርቱ ማሳ ፓፓያው ሥር ዘለቀች፤
መዳፍ የምትሞላ፣ ጀርባዋ እንደ ኮረት፤
አመሻሽ ላይ ወጥታ ከቀፎ ደጃፍ ፊት
ንቧን፣ ከአበባ ስትመለስ ዱቄት ተሸክማ፣
በምላሷ ትቀበላት ጀመር፣ አፏን ከፍታ ቆማ።

የሰይድ ቀፎዎች አሥራ አንዱ ጭጭ አሉ፤
የነከሳት ውሻ አረፋ ደፍቆ ሞተ፣ ልጆች እያዩት ሁሉ፤
የኛዋ ጓጉንቸር፣ ሆደ ቢጫይቱ፣ ድምጿ ቅል ውስጥ እንዳለ ፍሬ፣
ከሮቢ ዳር ጠፋች፤ አልሰማኋት እስከ ዛሬ።

ሰዉም በየፊናው ይገድል ጀመረ፤
ማን በዶማ ጀርባ፣ ማን በፈላ ውኃ።
ወይዘሮ ፈለቀች፣ ጨው በጣሳ ይዛ፣ ጓሮ ስትነሰንስ
ጉርጧ ተኮማትራ፣ በሁለት እጆቿ ዓይኗን ጠረገች፤
እንደ ሰው። እንደ ሰው ነው ያልኩት፣ አላጋነንኩም።
«ምነው?» ብላት፣ «ምን ላርግ፣ ጫጩቴን ጨረሰች» አለች።
ወረቀቴን አወጣሁ።

የጥርስ ማደንዘዣ ሆዷ ላይ ይቀባል፤
ጣቷ ሲቆነጠጥ እግሯን ካልሰበሰበች፣
ከተካልኝ ግሮሰሪ፣ ከቢራው ፍሪጅ ውስጥ፣ በኪራይ ትገባለች፤
ሌሊቱን በረዶ ይጨርሳታል፣ ሳታውቀው እንደተኛች።

ሳታውቀው?
ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አልነገረችኝም።

ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ። ተካልኝም ተኝቷል።
ጠዋት ክዳኑን ስከፍት በረዶው ውኃ ሆኗል፤
ከሃያ አምስቱ መሐል ያሥራ ስምንቱ ጉሮሮ ይርገበገባል።
አንዷ ዓይኗን ገልጣለች፤ ዙሪያው ወርቅ ነው፤
አይታኝ እንደሆን እንጃ።
ገጽ ሦስት ላይ «በቂ ኃይል መኖሩ ይረጋገጥ» ይላል።

ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ቢላው በወገቡ።
«እኔ በግ ሳርድ» አለ፣ «ቢስሚላህ እላለሁ፤
ተካልኝም በስመ አብ ይላል። ለየብቻ እንበላለን እንጂ
ስም ያልተጠራበት ነፍስ ከደጃችን አይወጣም።
አንተ ይሄን የማይበላ፣ የማይሸጥ፣ ቆዳው የማይጠፈር
በማን ስም ነው የምትገድለው?»

«በወረዳው» ልለው ነበር።

«ቀፎህስ?» አልኩት።
«ቀፎዬማ ይሙቱልኝ ይላል። እኔ ግን…»
ንብ ያጣ እጁን አየው፤ ተወው።

እንደገና ቀባሁ። ጠበቅኩ። ጣት ቆነጠጥኩ።
መብራቱ አልመጣም፤ በመዶሻ ጨረስኩ።
ከእያንዳንዷ ፊት ጎንበስ እያልኩ
«በበርሜል መጣሽ፤ መንገዱን አልመረጥሽም።
ይቅር በይኝ» አልኩ፤
አሥራ ሰባት ጊዜ፣ ከልቤ።
አሥራ ስምንተኛዋ ላይ ፀሐዩ ከሮ፣ ክንዴ ዝሎ፣
ምንም አላልኳትም።

ቅጹ ላይ፣ «ዘዴ» ከሚለው ፊት፣ «በመመሪያው መሠረት» ልጽፍ
እስክሪብቶውን በአፌ ያዝኩት፤ ቅባቱ ነክቶት ኖሮ
ከንፈሬ እስከ ማታ ደንዝዞ አመሸ።