ታኅሣሥ ሃያ ሦስት

መሐል ሜዳ ሌሊት፣ ውርጩ ቆርቆሮ ላይ፣
እኔም ከጠረጴዛው፣ አባቴም ከወንበር፣ አንድ ነገር ስናይ፤
ሰማያዊ ፊቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣
አንድ ጊዜ አቃስቶ ተመልሶ ያርፋል።
«ተነሳ?» ይለኛል ባናውን እያጠበቀ።
«አልተነሳም አባዬ።»
«ምን ነሳው?» ጠየቀ።

ሦስት ቀን ሞላን እንዲህ ስንባባል።
እሑድ ሒሳብ አለ፤ እድር ይሰበሰባል።
ዳኛው ወርቅአገኘሁ በራፍ ላይ ቆሞ፣
«መዝገቡ ይሻል ነበር» ብሎ ሄዷል ደግሞ።
የአሥራ ስምንት ዓመት ቅጣትና ብድር፣
የቀረ ከቀብር፣ የሰበረ ወንበር፣
ሁሉም እዚያ ሆድ ነው።
አባቴ ጸሐፊ፣ ይህ ሣጥን አፉ ነው።
በጡረታው ማግሥት በሁለት ጣት ተማረ፣
«ሀ»ን ለማግኘት ብቻ አንድ ክረምት ኖረ።

መጀመሪያ መብራትን ከሰስኩ።
ጥገናው አርባ ሁለት በመቶ ሲደርስ
ድርግም፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ እስከ በግ ተራ ድረስ።
ሲመለስ፣ መልእክቷ አንዲት መሥመር ናት፦
«መጠገን አልቻልኩም።» ምክንያትም የላት።
እንደ ኩሩ ዘመድ፣ ተቀይሞ ሲያድር
ምን እንዳስቀየመው ለሰው እንደማይናገር።
«ስንዱ፣ ምን አለሽ?»
«ምንም አላለኝም።»

ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ የመጣ ፍላሽ
ሽማግሌ አድርጌ ላክሁት።
«አላውቅህም» አለው። በሩን አልከፈተ።
ገብቼ ተራቸውን አዛወርኩ፦ ፍላሹ ይቅደም፣ ዲስኩ ይከተለው።
ያኔ ሰማ። ከፈተ።
ሌሊቱን ሁለቱ ሲንሾካሾኩ አደሩ።
ጠዋት ሽማግሌው ወጥቶ፣
«የተበላሸ ነገር አላገኘሁም፣» አለ፣
«ግን አልነሳም ይላል።»

ክዳኑን ፈታሁት። ከማራገቢያው ሥር
አንድ እፍኝ የበግ ፀጉር ወጣ፣ እንደ ጎጆ ሣር።
«ደብሪቱ ብትኖር ትፈትለው ነበር፣»
አለ አባቴ፣ ሳይስቅ።
ራሙን ነቅዬ በልጄ ላጲስ ጥርሱን ፈተግኩት፣
ወደ ቦታው መልሼ ቀጭ አደረግኩት፣
ትንፋሼን ውጬ ቁልፉን ተጫንኩት፤
ሰማያዊ።
የማላውቀው ስድብ ከአፌ ወጣ።
አባቴ እንዳልሰማ ጋቢው ውስጥ ተቀጣ፣
ተጣጠፈ፣ ተኛ።

በአራተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ምንም ሳልፈልግ፣
ዓይኔ አረፈ ከጥቁሩ ሰሌዳ ጥግ፤
ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሁለት ይላል።
«አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ዘመኑ ጠፍቶበታል።»
አባቴ ተነሥቶ በጣቱ አንጓ ቆጠረ፦
«በእኛ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ዘጠና አራት።
ማክሰኞ። ለገና ስድስት ቀን ቀረ።»
ከዚያ ባናውን ዳበሰ።
«ይሄኔ ይሄ ገና ሱፍ ነው» አለ። «ታባዝተዋለች።
ወርቅአገኘሁም ጥርስ አለው።»

ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ያህል ባትሪ አለች፤
መች እንደሆነ እንጃ፣ ሞታለች።
መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉን ይረሳል፤
ቀኑን ብቻ አይደለም፣
ዲስኩን በምን ቋንቋ ያነጋግረው እንደነበረም።
ዲስኩ ደኅና ነው። ይጠሩታል፣ በማያውቀው ስም።
ያልታመመውን ነበር ሳክም የከረምኩት!
አንዲት ምርጫ ነበረች፤ ወደ ጥንቷ መለስኳት።
ተነሳ።

እሑድ ዝርዝሩ ተነበበ፣ ከነፍራንኩ።
ዳኛው የራሱ ቅጣት ላይ ሲደረስ
ጺሙን አሻሸ፣ ወደ ድንኳኑ ጣሪያ አየ፤
የሁለት ወር።

አዲሷን ባትሪ ከሰዓት ሠሪው ገዝቻለሁ።
ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ናት፤ በጣቴ ስዳስሳት እውላለሁ።
ጠዋት ጠዋት ቀኑን፣ ከዚያ ዲስኩን አቃናለሁ።
ቀኑን ሳልነካው አባቴ «ቆይ» ይለኛል፤
እቆያለሁ።
ማታ ማታ ሶኬቱን ማን እንደሚነቅለው
ጠይቄ አላውቅም።