ገመድ ያዥ

ከአሞራ ገደል፣ ከአሣ ተራው ማዶ፣
አንዲት ጀልባ አለች ሃያ ሜትር ወርዶ።
ስሟ «እንሂድበት»፣ ሞተሯ ያማሃ፣
ሰዉን ሁሉ ተፍቶ እሷን ዋጠ ውሃ።
ባለቤቷ ባራሳ መዳፉን እያሻሸ፣
«ሞተሯን ብቻ» ሲል እኛ ቤት አመሸ።

አጎቴ ዋርሳሞ ጎማ ነው የሚለጥፍ፣
መናኸሪያው ጀርባ፣ ከባጃጆች ሰልፍ።
ድሮ ግን ምጽዋ ላይ፣ ባሕር ኃይል ሳለ፣
ጠላቂ ነበረ፣ ከሞቱ መርከቦች ጋራ ሲያወጋ የዋለ።

«ዳህላክ አጠገብ» ይላል ጎማ እየነፋ፣
«አንዲት አለች፣ በጎኗ የተኛች።
በመስኮቷ ገባሁ። መብራቴን ባበራ
ሰሐን በሰሐን ላይ፣ አንዱ እንኳ ሳይሰበር፤
እራት ቀርቦ እንግዳ የጠፋበት ቤት ነበር።
አንድ ትልቅ አሣ ከጓዳ ወጣና
ማን ጠራህ በሚል ዓይን ቆሞ አየኝ።
አፈርኩ እንጂ ምን እላለሁ፣
በሰው ቤት ገብቼ።»

ጥልቀት ያሰክራል ይላል።
ከአርባ ሜትር ወዲያ ውሃው ጠጅ ነው፤
ሳቅ ሳቅ ይልሃል፤
አየርህን ነቅለህ ለአሣ አቅምስ አቅምስ ያሰኝሃል፤
መውጫው አይጠፋህም፣
መውጣቱ ነው የሚሰለችህ።

አገር ሲከፈል ባሕሩ እዚያው ቀረ።
አጎቴ በጭነት መኪና፣ ከስሚንቶ ጋር፣ ሐዋሳ ደረሰ፤
ጆንያው ውስጥ ሁለት የጎማ ክንፍ፣ አንድ የውሃ መነጽር።
ሠፈሩ ክንፎቹን አየና «ዳክዬ» አለው፤
ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ስሙ አልወለቀም።

የጎማ መንፊያውን ኮምፕሬሰር ታንኳ ላይ ጫንን፤
ወገቡን በገመድ አሰርኩት።
«አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ፤ ሁለቴ ሲሆን ልቀቅ፤
ሦስቴ ከሆነ ግን ጎትት፣ አትጠይቅ።»
አፉን በቱቦ ደፍኖ ወደ ኋላው ወደቀ፤
አረንጓዴው ውሃ በላዩ ታረቀ።

ሁለቴ ተሳበ። ለቀቅኩ።
አንዴ። ደህና ነው።
ከዚያ ምንም።
ኮምፕሬሰሩ እንደ አስም በሽተኛ ያስላል፣
ከደንገሉ ማዶ ጉማሬ ይተነፍሳል፣
ባራሳ በየደቂቃው «አገኘው ወይ?» ይላል።
ገመድ ወሬ ያውቃል እንዴ?
ሃያ ሜትር ነው፣ አልኩ ለራሴ፣ ሃያ ሜትር አያሰክርም።
ደሞ ሌላው ሐሳብ፦
ሠላሳ ዓመት ያልቀመሰን ሰው ግን
ስንት ሜትር ይበቃዋል?

ቤንዚኑ ሊያልቅ ነው። ሦስቴ ሳብኩ፣ እኔ፣ ከላይ።
ከላይ ሲሳብ ምን ማለት እንደሆነ
አልተነጋገርንም ነበር።
ቆየ።
ቆየና አንዴ መለሰ።
ደህና ነኝ።

ሲወጣ ጢሙ ላይ አረንቋ፣ እጁ ባዶ።
«ዝገት ጨርሶታል» አለው ባራሳን፣ ዓይኑን ሳያይ።
ባራሳ ቀብዱን መልሶ ቆጠረ፣
ውሃውንም እኛንም ሰድቦ ሄደ።

ማታ፣ ሱቁን ስንዘጋ፣
ከኪሱ የሞተሩን ቁልፍ አወጣ፤
ሚስማር ላይ፣ ከጎማ መፍቻዎቹ ጎን፣ ሰቀለው።
«ሞተሩማ ደህና ነው፤
አምባዛ ተከራይቶታል እንጂ።»
«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»
ከመነዳሪ ገንዳ ውስጥ ያጠለቀው የውስጥ ጎማ
ቀዳዳው የት እንደሆነ ገና አልተናገረም።
አረፋው እስኪወጣ ጠበቀ።
«ካወጣኋት ጀልባ ናት» አለ።
«እዚያ ካለች ግን፣ መርከብ።»

እሁድ ገመዱን እሱ ያዘ።
ወረድኩ። ብርሃኑ ከላይ እንደ ሳንቲም አነሰ፤
እጄ ጠርዟን ነካ፣ ቀዝቃዛ፣ ሙልጭልጭ፤
ከሞተሩ ቤት አንድ ጢማም ፊት ብቅ አለ።
ወገቤ ላይ ገመዱ አንዴ ተሳበ።
ገብቶኛል።
ቶሎ አልመለስኩም።