ሁለት ቆጣሪ

ወር በገባ በአምስት፣ ደብተር በብብቴ፣
የአባቴን በርኖስ ደርቤ በኮቴ፣
ውርጩ ሳይቀልጥ ገና ከበሬሳ ዳርቻ፣
ውኃ አላድልም እኔ፣ አነባለሁ ብቻ።

አንድ ቆጣሪ ነው ታች ሰፈር ለዘጠኝ፣
በክንዴ ጠርጌ ነው ቁጥሩ የሚታየኝ።
ጽፌ ሳልጨርስ ጠቡ ይጀምራል፦
«ያንቺ ልጅ ሦስቴ ባንድ ሳምንት ታጥቧል!»
«ያንተ በግስ ቢሆን ከባልዲዬ ጠጥቷል!»
ጋሽ ጥላዬ መጥቶ በአሥር ያካፍላል፣
«ዘጠኝ ነን እኮ!» ሲሉት «እርጉዟ ሁለት ናት» ይላል፤
እስከ ቅዳሜ ድረስ ይኮራረፋሉ፣
በዚያው ውኃ ደግሞ ጠላ ይጠምቃሉ።

አልዋሽም፣ ይሸታል። ክረምት ቦዩ ሞልቶ
ጭቃው ጫማ ይበላል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብቶ።

አስፋልቱን ስሻገር አዲሱ ሰፈር አለ፣
ግንቡ እንደ ተማሪ በሰልፍ የተተከለ።
ለየደጁ ቆጣሪ፣ ለየቆጣሪው ቁልፍ፣
ደረጃው ንጹሕ ነው፣ ጸጥታው እንቅልፍ።
ጠብ የለም፣ ሽታ የለም። ነፋሱ ብቻውን
ያፏጫል በደረጃ፣ ሲፈልግ መውጫውን።
«ማነው?» ይላል በሩ። «ውኃ ነኝ» ስል እኔ፣
በጠባብ ቀዳዳ ይመዘናል ጎኔ።
ግን እውነት ለመናገር፣ ቧንቧው አይቋረጥም፣
አራስ በዚህ ሰፈር ለውኃ አትሰለፍም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን፣ ቤት ቁጥር አሥራ አራት፣
ቆጣሪው ዜሮ ነው፣ ይኸው ሦስት ወራት።
የተሰበረ መስሎኝ መታ መታ አረግሁት፤
«ደኅና ነው፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁት።
ዞር ስል እትዬ ዘርፌ፣ ከታች ሰፈር የወጣች፣
ልጇ ቤት ሲደርሰው አብራው የመጣች፣
ቢጫ ጀሪካኗን በነጠላ አዝላ፣
ደረጃው መሐል ላይ ቆማለች ዝላ።
«ቧንቧሽስ?»
«አለ እንጂ ልጄ፣ ቢከፍቱት ይፈሳል፤
ማን ይጣላኛል እዚህ፣ ማን ‹አበዛሽ› ይለኛል?»

ያን ጊዜ ገባኝ፣ ለካ ጋሽ ጥላዬ ለምን
ዘጠኝ በር ቆጥሮ በአሥር ይል እንደሆን።

ተቀብዬ ወጣሁ ጀሪካኑን፤ ሃያ ሊትር።
በየትኛው ደብተር፣ በማን ስም ልቆጥር?
ዜሮ ብዬ ጻፍሁ።

«ከሁለቱ ሰፈር የቱ ይሻለኛል?»
ይለኛል ቤት ፈላጊ። «ሥራዬ አይደለም» እላለሁ፤
ቁልቁል እያየሁኝ ደብተሬን፣ አነባለሁ።