ሃያ ደቂቃ

በመኪና ግርግር፣ ከስፌቱ መንደር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስኖር፣
ኪራይ የማይከፍል የማይወጣ እንግዳ
ወገቤ ውስጥ ገብቶ ያዘብኝ አንድ ጓዳ።

ወጌሻ አሸኝ፤ ኪኒን በየዓይነቱ ዋጥኩ።
ራጅ ተነሣሁ፣ ንጹሕ። ደሜ ተመረመረ፣
ምንም የለም አሉኝ፤ ሕመሜ ግን ነበረ።

«እና ውሸቴን ነው?» አልኩኝ ለነቢላ፣
የሆስፒታል ወንበር ቆርቁሮኝ ከኋላ።
አልሳቀችብኝም። መስኮቱን ከፈተች፣
«ያን ግንብ ተመልከት፣ ያን በር እይ» እያለች።

«አንተም ቅጥር ነህ፤ በርህ ላይ ዘበኛ አለ።
ጦሩ ከተመለሰ ስንት ዘመን ሆነው፣
ዘበኛው አልሰማም፤ ዛሬም ጩኸት ላይ ነው።
ጩኸቱ ውሸት አይደል፣ ሕመምህም እውነት፤
አትስደበው እሱን፣ ግን አትታዘዝለት።»

ከዚያ የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ አለችኝ፤ ገዛሁ፣
ሆዷ ላይ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ያለችባት።
«ሃያ ደቂቃ ስፋ። ስትጮህ ቁም፣ ተነሣ፤
ቢያምህም ባያምህም፤ ይህንን አትርሳ።»

በደህናው ቀን ማቆም! ይህ ነበር ጭንቀቱ፣
ዐረፋ ደርሶብኝ፣ ጨርቅ ሞልቶ ቤቱ።
ድሮ እንዲህ ነበርኩ፦ አንድ ቀን ሲሻለኝ
ሰባት ቀሚስ ሰፍቼ፣ ሦስት ቀን ሊጥለኝ።

አሁን ዶሮዋ ትለቅማለች፤ እሰፋለሁ።
ትጮኻለች፤ እቆማለሁ፣
መርፌው ጨርቅ ውስጥ እንደገባ፣
የቡሽራ እጅጌ በአንድ ክር እንደተንጠለጠለ።

ሚስቴንም ጠራቻት። «ኢክራም፣ እባክሽን
‹ወገብህስ?› አትበይው፣ ጠይቂው ሌላውን።»
ሰላምታችን ጠፋ። ሳምንት ያህል ቤቱ
ዝም አለ። ኢክራምም፣
ፍቅሯን የት ታኑረው፣ ጠፋባት ብልሃቱ።

አንድ ማታ ግን መጣች፣ ተቀመጠች ጠጋ፣
«ይህ የማን ሙሽራ ነው?» አለች ጨርቁን ነካ አርጋ።
ነገርኳት፤ የሙሽራዋን፣ የአማቷን ንፍገት፣
ስለ ጥልፉ ዋጋ የተጨቃጨቁበት።
ነገሬን ሳልጨርስ ጮኸች ዶሮዋ ኋላ፣
ተነሥተን ሄድን አብረን እስከ ፈረስ መጋላ።
ወገቤን አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

በወሩ ነቢላ፣ «ከዜሮ እስከ አስር?»
«ያው ስድስት ነው» አልኳት፣ «አልወረደም ከቁጥር።
የሕመሜ ልክ ያው ነው፤ እንግዳውም አልጠፋ፤
ቀኔ ግን ጠቦኝ ነበር፣ እሱ ነው የሰፋ።»