ትርፍ ጎማ

ከኮዬ ፈጬ ወጥቼ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስወርድ፣
ገና ሰማዩ ሳይነጣ፣ ጭጋጉ ከአስፋልቱ ሳይሄድ፣
ክሩስኮቱ ላይ በራች፤
የፈረስ ኮቴ መሰለች፣
በሆዷ ቃለ አጋኖ ይዛ ዓይን ዓይኔን አየች።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "ዝም በያት" አለኝ ሲቸኩል፣
"ብርድ ነው እሱ፤ ትጠፋለች ፀሐይዋ ከፍ ስትል።"
ጎረቤቴ ጋሽ ዳምጠው ጥቁር ፕላስተር ቆርጠው ሰጡኝ፤
"ለጥፊባትና ንጂ፤ የኔዋ ሦስት ዓመቷ ነው" አሉኝ።

ለጠፍኩ።
አሥራ አምስት ቀን ነዳሁ።
ማታ ማታ ግን በፕላስተሩ ጠርዝ
እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን አየሁ።

ሰኞ ጎሚስታ ነገዎ ደጅ ቆምኩ።
ከበሩ ግማሹ የተቀበረ፣ ነጭ የተቀባ ጎማ፤
ኮምፕሬሰሩ እንደ አስም በሽተኛ ሲያስል ከሩቅ የሚሰማ።
ፕላስተሩን ላጥኩለት፤ አያት። ወሬ አይወድም።
ተንበረከከ፤ የባልቦላውን ክዳን ፈታ፣
ምራቁን በጣቱ ቀባ፣ አረፋ ጠበቀ በዝምታ።
"የፊት ቀኝ፣ ሠላሳ ሁለት። የፊት ግራ፣ ሠላሳ ሁለት።"
የኋላዎቹም እንደዚያው።
"ሚስማር የላቸው፣ ቀዳዳ የላቸው፤ አራቱም ጤነኛ ናቸው።
ታዲያ ይቺ መብራት የማንን ልቅሶ ነው የምታለቅሰው?"

እጁን በጨርቅ ጠረገና መኪናዋን ዞራት።
ከኋላ በር የተሰቀለውን፣ አቧራ የጠጣውን፣
ከተገዛ ጀምሮ ማንም ያልነካውን፣
ሽፋኑን ገፎ ተጫነው። አውራ ጣቱ ሰመጠ።
"ሰባት!" አለ፤ ሳቀ፤ "ጉድ እኮ ነው!
የሚጮኸው፣ አንድ ቀን መሬት ያልረገጠ።"

እኔ አልሳቅኩም።

አምስት ነን ከአንድ እናት። አራቱ ይሮጣሉ፤
አንዱ ሲፈነዳ ብቻ "እታለም የት አለች?" ይላሉ።
ለእማማ የሆስፒታል ሌሊት፣ ለዘነበች የአራስ ቤት፣
ለታናሼ የባንክ ዋስ፣
ስጠራ በጨለማ ነው፤ ሲነጋ መሰቀል ነው እንደገና።
"እሷ ምን አለባት? ባል የላት፣ ልጅ የላት" ይላሉ፤
ያልሮጠ አይጎድልም መስሏቸው ሳይለኩኝ ዓመት ይቆያሉ።

ትርፍ፦
ነጋዴ ሲያወራው ያምራል፤
ታክሲ ውስጥ ሰው ሲባልበት ግን ወንበር ያጣል።

ነገዎ ቱቦውን ሰካ። መርፌዋ ቀስ እያለች ስትነሳ አየሁ።
ጎማው ሲሞላ፣ እኔ ተነፈስኩ።

"ስንት ነው?" አልኩት። "ሃምሳ ብር።
በየወሩ ግን አሳይው፤
የተሰቀለም ይጎድላል ውሎ ሲያድር።"

አደባባዩን ሳልዞር ጠፋች። የፕላስተሩ ሙጫ ብቻ ቀረ።
ስልኬ ጠራ፤ ወንድሜ ነው። ዛሬ ደግሞ የቱ ፈነዳ?
ጥግ ይዤ አነሳሁ።
"እታለም፣ ስሚ—"
"ቆይ" አልኩት፤ "አስቀድመህ፣ እንዴት ነሽ በለኝ።"