ቁንጮ

በልጅነት ደብተሬ ሽፋን ላይ ያየኋት፣
ነጭ፣ ዓይነ ቀይ፣ ካሮት ያስጨበጧት፣
ከጉድጓድ ብቅ ያለች፣ ያቺ ሌላ ናት።
የኛዋ ጥንቸል፣ የአምባ ፈሪቷ፣ ጉድጓድም የላት።
መሬት አትቆፍር፣ ዋሻ አትከራይ፣
ጣራዋም ሰማይ፣ ግድግዳዋም ሰማይ።

ጓሳው ሥር ትተኛለች ጀርባዋን ለንፋስ፣
ሣሩ በገላዋ ልክ እስኪጎደጉድ ድረስ፤
ጆሮዋን አጥፋ ትከሻዋ ላይ፣
ድንጋይ መሐል ድንጋይ።
ልትረግጣት ግማሽ እርምጃ ሲቀር፣
ያን ጊዜ ነው ድንጋዩ የሚበር፤
ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ፣
ነጭ ጅራት ብልጭ፣ ጥፍት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ሊያገኝ።

እኔ ቆጣሪ ነኝ። የምቆጥረው ግን እሷን አይደለም፤
የጣለችውን ነው። ይህን ስናገር አላፍርም።
ከአቅስታ በላይ፣ በውርጭ ማለዳ፣
አራት ችካል፣ አንድ ገመድ፣ ሰፊ ሜዳ፤
በየካሬው ተንበርክኬ፣
የደነዘዘ ጣቴን ሣር ውስጥ ልኬ፣
ክብ፣ ደረቅ በጠጥ፣ የሽምብራ አቻ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አንዳንዴ ባዶ ብቻ።

ገመዱን ከማዶ የሚይዝልኝ ሙሄ ነው፣
ወጥመድ አጥማጅ የነበረ፣ መንገዷን ሁሉ የሚያውቀው።
ገብሱን ስትበላበት በጅማት ያንቃት እንደነበር
አይደብቅም፤ ዛሬ በቀን አበል ያስቆጥራል፣ ይገርመዋል ነገር።
"ስትባረር ዳገት ነው የምትወጣው፤ ቁልቁለት አትወድ፣
የኋላ እግሯ ረጅም ነው፣ ትደፋለች ስትወርድ።
ወጥመዱን ከላይ ነው ማኖር፣" አለኝ፤
አፉን በእጁ ያዘና ሳቀብኝ።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ከበረታ፣
ክንዴን ጨበጠኝ፤ ቆምን ለአፍታ።
ተጎንብሳ ነበር፣ አንገቷን ወደ ጭኗ ስባ፣
ከገላዋ የወጣውን ለስላሳ ወደ ሆዷ ልታስገባ፣
በአፏ ተቀብላ መልሳ ስትውጥ።
እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ እሱ ዓይኑን አልነቀለም እስክታመልጥ።
"ታመሰኳለች ሲሉ እሰማ ነበር፣ ቀንድ የላት፣ ሰኮና የላት፣
ለካ ይኼ ነው ማመስኳት!
ደሀ ሣር ነዋ፣" አለ፣ "ምን ታርገው፤
ሁለቴ ካልበሉት አንዴም አልበሉት ነው።"

ግልገሎቿን አንዴ ነው ያየሁ፤ ሁለት ነበሩ፣
ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጠጉር ለብሰው የተፈጠሩ።
እናትየዋ አጠገባቸው የለችም።
ጭላት ከላይ ያንዣብባል፤ ቀይ ቀበሮም፣
ፍልፈል ያጣ ቀን፣ ሽታ ተከትሎ ይመጣል፤
የእናት ሽታ ልጅ ያስበላል።
ለዚህ ነው ማታ፣ አንዴ ብቻ፣ መጥታ
የምትመለስ አጥብታ።
"ትታቸው ሄደች" ብዬ ጽፌ ነበር ቀን፤
ሌሊት በባትሪ ሰረዝሁት፣ ሳነበው ዐይኔ ሲጨልምብኝ።

የአምናው ድምር መቶ አርባ፤ የዘንድሮው ስልሳ ሦስት።
ገብሱ በየክረምቱ አንድ እርከን ሲወጣ ማየት
ቁጥሩን ቀድሞ ይነግርሃል።
ሙሄም ያርሳል። ልጆቹም ይበላሉ። ማን ምን ይለዋል?

በኅዳር ጓሳ ማጨድ ተፈቀደ፣
አገሩ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ጋራው ላይ ነጎደ፤
ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጠፍር።
ሙሄ ከፊቴ ያጭድ ነበር።
ድንገት ቆመ፤ ጎንበስ አለ፤ መዳፉን ሣሩ ላይ አኖረ፣
"ና ንካው፣" አለኝ ቀስ ብሎ፤ ሲነግረኝ ድምፁ አጠረ።
ነካሁት፤ ገና ሙቅ ነው፣
ባለቤቱ አሁን የለቀቀው።
"በል ጻፈዋ!" አለኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁት፤
ቀን፣ ሰዓት፣ ከፍታ፣ የበጠጥ ብዛት፤
ሙቀት የሚጻፍበት ሰንጠረዥ የለበት።
ሙሄ ዝም አለ። ማጭዱን አዞረ፣
ዙሪያውን አጭዶ መሐሉን አስቀረ።

"አንድ እስር ጎደለ፣" አለች መሬማ፣ ማታ ሸክሙን ስትቆጥር፤
"ሰው ተኝቶበት ነው፣" አላት፤ ሌላ ነገር ሳይጨምር።

እኔ ወደ መንደር ስወርድ፣ ዞሬ አየሁት፤
ጋራው እንደ ሕፃን ራስ ተላጭቶ፣
አናቱ ላይ ቁንጮ አስቀርተውለት።